ከመሣሪያው በፊት ግድግዳውን እንወቅ

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትመለስ፣ ወይም የረመዷን ወር ሲቃረብ፣ በየቤታችን አንድ ዓይነት ወሬ ይነሣል። ጣሪያው አንጠባጥቧል፤ የመስኮቱ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል፤ የመታጠቢያው ጥግ ሻግቷል፤ የበሩ ማጠፊያ ላልቷል። ቀድሞ ለዚህ ሁሉ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ካቻቪቴና አንድ ባልዲ ኖራ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን በሐረር ሸዋ በርም ሆነ በድሬዳዋ ገበያ ስንዘዋወር ገበያው «ሲሊኮን ጋን» የሚለውን መግፊያና በባትሪ የሚሠራ ድሪል በየሱቁ ተደርድሮ እናያለን። ወጣቶቻችን ይመኟቸዋል፤ አባቶች ዋጋቸውን ጠይቀው ያመነታሉ፤ እናቶች ደግሞ «ለመሆኑ ጣሪያውን ያቆመዋል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ውድ አንባቢያን፣ የእናቶች ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለቤት ጥገና የሚሆን ጥሩ የሲሊኮን መግፊያና ጥሩ የባትሪ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ ለማሳየት እንሞክራለን። ነገር ግን ከሁሉ በፊት መባል ያለበት አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያን የሚመርጠው ኪሳችን ወይም ሻጩ ሳይሆን የምንጠግነው ግድግዳ ነው። በአንዱ ቤት የሚያድነው መሣሪያ በሌላው ቤት ያፈርሳልና።

ሁለት ዓይነት ቤት

በከተማችን ሁለት ዓይነት ቤት አለ። አንደኛው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው፣ ሐረሪዎች «ጌይ ጋር» የሚሉት ነባሩ ቤት ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ሥራ ነው። በጭቃ ተመርጎ በኖራ ይቀባል። የጥንት ጣሪያው ተቀራርበው በተደረደሩ እንጨቶች ላይ የተደለደለ አፈር ነበር፤ በጊዜ ብዛት ብዙዎቹ ቤቶች ቆርቆሮ ለብሰዋል። ከውስጥ ደረጃ በደረጃ የተሠሩት ነደባዎች፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹት የዕቃ ማስቀመጫዎችና በቀይ አፈር የተቀባው ወለል የቤቱ መታወቂያዎች ናቸው። ሁለተኛው ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ የምናገኘው የብሎኬትና የሲሚንቶ ቤት ነው። የብረት በርና መስኮት፣ ሴራሚክ፣ ላቫንዲኖ፣ የኮንክሪት ወለል ያለው።

እነዚህ ሁለት ቤቶች ከውሃ ጋር ያላቸው ጠባይ ፈጽሞ ይለያያል። የሲሚንቶው ቤት ውሃን ለመከልከል ይሞክራል። የጀጎሉ ቤት ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያም ይደርቃል። ዝናብ ሲመታው ወይም ከመሬት ርጥበት ሲወጣ ጭቃው በመጠኑ ይረጥባል፤ ፀሐይ ስትወጣ ርጥበቱ በኖራው ቀዳዳዎች አልፎ ወደ አየር ይመለሳል። ኖራ የሚያስተነፍስ ልብስ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ይህን የሚተነፍስ ግድግዳ በሲሚንቶ ስንለስነው ወይም ስንጥቁን ሁሉ በሲሊኮን ስንደፍነው ምን ይሆናል? ውሃው በሌላ በኩል መግባቱን አይተውም፤ መውጫው ግን ይዘጋበታል። በውስጥ የታሰረው ርጥበት ጭቃውን ያላላል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል፤ ልስኑ ያብጥና በትልልቅ ቁራጭ ይገነጠላል። ከውጭ ሲያዩት የታደሰ የሚመስለው ግድግዳ ከውስጥ ይታመማል ማለት ነው። በጀጎል ውስጥ ቤቶች ተያይዘው የተሠሩ ስለሆነ ደግሞ ሕመሙ በአንዱ ቤት ብቻ አይቀርም። የእኛ የታፈነ ውሃ በጎረቤት ግድግዳ ይወጣል። የጎረቤት ሐቅ እዚህ ላይ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2006፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥ የሚኖር ሰው የቤቱን ግድግዳ፣ ጣሪያ ወይም የውጭ ገጽ ከመለወጡ በፊት የክልሉን የቅርስ መሥሪያ ቤት ማማከር ይገባዋል። ይህ ለቱሪስት ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። የነባሩን ግንባታ ጠባይ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ለማግኘትም ይረዳል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ማንኛውም ጥገና የሚጀመረው በዓይን ነው። ግድግዳ ላይ የምናየው የውሃ ምልክት ውሃው የደረሰበትን እንጂ የገባበትን አያሳይም። ስለዚህ ወደ ላይ እንከተለው። የቆርቆሮው ምስማር ላልቶ እንደሆነ፣ አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ እንደሆነ፣ ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳችንን እየመታ እንደሆነ እንይ። ከታች ደግሞ በግድግዳው ሥር ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን እናጣራ። አሸንዳ መጥረግና ውሃውን ከግድግዳው ሥር ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜም ከአሥር ቱቦ ሲሊኮን ይበልጣል።

ስንጥቅ ካለ ወዲያውኑ አንድፈነው። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት እናድርግና ቀኑን ከጎኑ እንጻፍ። ልጆቻችን በየወሩ ይለኩት፤ ለእነርሱም ትምህርት ነው። ስንጥቁ ባለበት ከቆየ የላይ ስንጥቅ ነውና ይጠገናል። እየረዘመ ወይም እየሰፋ ከሄደ ግን ችግሩ መሠረቱ ወይም የጣሪያው ክብደት ስለሆነ ግንበኛ መጥራት ያስፈልጋል። የሚንቀሳቀስ ግድግዳን በማሸጊያ መደበቅ ሕመምን በልብስ እንደመሸፈን ነው።

የትኛው ማሸጊያ ለየትኛው ሥራ?

ብዙ ሰው በቱቦ የሚሸጠውን ሁሉ «ሲሊኮን» ይለዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱን አለማወቅም ብዙ ያስከፍላል።

አንደኛው ሲከፈት አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ነው። ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ነው እንዲህ የሚሸተው። ለመስታወትና ለሴራሚክ ጥሩ ነው። ነገር ግን አሲድ ኖራን፣ ሲሚንቶንና እብነ በረድን ይበላል፤ ያልተቀባ ብረትንና ቆርቆሮን ደግሞ ያዝጋል። ስለዚህ በኖራ ግድግዳ ላይ ቢደረግ ከሚይዘው ነገር ጋር ተጣልቶ ይለቃል። ሁለተኛው «ኒውትራል» ተብሎ የተጻፈበት ሲሊኮን ነው። አሲድ ስለማያወጣ ለብረት መስኮት፣ ለአሸንዳና ለሲሚንቶ ይሆናል። ሁለቱም ዓይነት ግን ቀለም አይቀበሉም።

ሦስተኛው አክሪሊክ ነው። በውሃ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይቀባል። በቤት ውስጥ በእንጨት በርና በግድግዳ መካከል ላለው ቀጭን ክፍተት ይስማማል፤ ዘወትር ለሚረጥብ ቦታ ግን አይሆንም። አራተኛው ፖሊዩሬቴን ነው። ጠንካራ ነው፤ የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያንም ይችላል፤ ነገር ግን ወፍራም ስለሆነ ለመግፋት ያስቸግራል።

በጀጎል ቤትስ? ለግድግዳው ራሱ መልሱ ያው የአያቶቻችን መልስ ነው፤ ጭቃና ኖራ። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይጠነክራል። ስለዚህ በረጠበ ግድግዳ ላይ በቀጭኑ እየደጋገሙ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። ያልጠፋ ኖራ በውሃ ሲጠፋ እንደሚፈላና ዓይንን ክፉኛ እንደሚያቃጥል ግን አንርሳ፤ ልጆችን ማራቅና መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው። ቱቦው በጀጎል ቤት ሥራ የሚያገኘው በኋላ በተጨመሩት ነገሮች ላይ ነው፤ መስታወት ከፍሬሙ በሚገናኝበት፣ በላቫንዲኖው ዙሪያ፣ በአሸንዳው መገጣጠሚያ። የላላ የቆርቆሮ ምስማርን በሲሊኮን ከመሸፈን ደግሞ ጎማ ባለው ብሎን መተካት ይሻላል።

ጥሩ የሲሊኮን መግፊያ እንዴት ይታወቃል?

መግፊያው ቀላል መሣሪያ ነው። ቱቦው የሚተኛበት አልጋ፣ የሚገፋ ዘንግና የሚጨበጥ እጀታ አለው። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት ጥቂት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የግፊት ኃይሉ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ 10 ለ 1፣ 12 ለ 1፣ 18 ለ 1 ወይም 26 ለ 1 ተብሎ ይጻፋል። 12 ለ 1 ማለት በእጃችን አንድ እጅ ስንጨብጥ ዘንጉ አሥራ ሁለት እጥፍ አድርጎ ይገፋል ማለት ነው። ለአክሪሊክና ለተራ ሲሊኮን 10 ወይም 12 ይበቃል። ለፖሊዩሬቴን 18 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ እጅ ይደክማል፤ እጀታውም ይጣመማል። የእጅ አቅሟ አነስተኛ የሆነ እናት ወይም ታዳጊ የሚጠቀምበት ከሆነም ከፍ ያለው ቁጥር ይመረጣል።

ሁለተኛው ዘንጉ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ርካሹ ዓይነት በየጥርሱ እየዘለለ ስለሚገፋ መስመሩ ይጎረባብጣል። ለስላሳ ዘንግ ያለው እኩል ይገፋል። ሦስተኛው ማቆሚያው ነው። እጀታውን ስንለቅ ዘንጉ በራሱ ጥቂት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማሸጊያው አይንጠባጠብም። ይህ ከሌለ በአውራ ጣት የሚጫነው መልቀቂያ በቀላሉ የሚሠራ መሆኑን እንሞክር።

በሱቁ ውስጥ ቆመን አራት ነገር እንፈትሽ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ይሁን። አልጋው በሁለት እጅ ሲጣመም አይተጣጠፍ። ባዶውን ሲጨበጥ ዘንጉ ሳይንሸራተት በየጭብጡ ይራመድ። 300 ሚሊ ሊትር ገደማ የሆነው የተለመደው ቱቦ በአልጋው ላይ ሳይወዛወዝ ይቀመጥ። ቱቦውን ስንገዛ ደግሞ ማብቂያ ቀኑን እናንብብ፤ ጊዜው ያለፈበት ማሸጊያ ወይ አይወጣም ወይ ወጥቶ አይደርቅም።

ስንት ቱቦ እንደሚበቃ ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር ብንደፍን፣ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ ለ12 ሜትር ያህል ይደርሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መስኮት ዙሪያው 4 ሜትር ከ40 ነው። እንግዲህ አንዱ ቱቦ ለሁለት መስኮት በቅቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ከዚህ በላይ የሚገዛ ሰው ትርፉ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ይቀርበታል።

በባትሪ የሚሠራ መግፊያም አለ። በየቀኑ ለሚሠራበት ባለሙያ እጅን ያሳርፋል። በዓመት ሁለት ሦስት ቱቦ ለሚጠቀም ቤተሰብ ግን ብክነት ነው። ገንዘቡ በጥሩ የእጅ መግፊያና በተሻለ ማሸጊያ ላይ ይዋል።

የባትሪ ድሪል

ለቤት ውስጥ ሥራ አንድ የባትሪ መሣሪያ ብቻ የሚገዛ ሰው ድሪል ይግዛ። ይበሳል፤ ብሎን ያጠብቃል፤ ይፈታልም። መብራት በጠፋበት ሰዓትና ሶኬት በሌለበት ጣሪያ ላይ ይሠራል። ረጅም ገመድ ስለሌለውም በጠባቡ የጀጎል መንገድና ግቢ ሰው አያደናቅፍም።

ለበር ማጠፊያ፣ ለመጋረጃ፣ ለመደርደሪያና ለቁም ሳጥን 12 ቮልት ይበቃል፤ ቀላል ስለሆነም ለታዳጊ እጅ ይስማማል። ከግንቡ ውጭ ባለው ቤት ብሎኬት ለመብሳት ደግሞ የመዶሻ ምልክት ያለበት 18 ቮልት ድሪል ይሻላል። ኮንክሪት አዘውትሮ ለሚበሳ ግን ተራው ድሪል አይበቃም፤ እርሱ ሌላ ዓይነት ከባድ መሣሪያ ይፈልጋል። ፑንታውን የሚነክሰው አፍ 10 ሚሊ ሜትር ወይም 13 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ለቤት 10 በቂ ነው። በአንገቱ ላይ ያለው ባለ ቁጥር ቀለበት ብሎኑ ሲጠብቅ ድሪሉ እንዲለቅ ያደርጋል። ከትንሹ ቁጥር መጀመር የብሎኑን ጭንቅላትም እንጨቱንም ያድናል። «ብራሽለስ» የተባለው ሞተር የሚያልቅ ካርቦን ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

በጀጎል ግድግዳ ላይ የመዶሻውን ምልክት አንጠቀም። ንቅናቄው ድንጋዮቹን የያዘውን ጭቃ ያረግፋል። በጭቃው ላይ የገባ ፊሸርም አይነክስም። ከባድ ነገር መስቀል ከተፈለገ ያለ መዶሻ፣ በዝግታ፣ ለድንጋይ በተሠራ ፑንታ ድንጋዩን ፈልጎ መብሳት፣ ወይም ክብደቱን በእንጨቱ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ግንበኛው አስቀድሞ በግድግዳው ውስጥ በሠራው ማስቀመጫ መጠቀም ነው።

ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር

በገበያችን ገዢ በብዛት የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ «18 ቮልት» እና «20 ቮልት ማክስ» ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም አምስት የሊቲየም ሕዋሶች የተቀጣጠሉበት ባትሪ ናቸው። አንዱ ሕዋስ በተለመደው ሁኔታ 3.6 ቮልት ስለሚሰጥ አምስቱ 18 ይሆናሉ፤ ልክ ሞልተው ሥራ ሳይጀመር ሲለኩ 20 ይደርሳሉ። ለሁለት ቮልት ብሎ ጭማሪ መክፈል አያስፈልግም።

ከዚህ የከፋው «48»፣ «88»፣ «98» የመሳሰለ ቁጥርና ፊደል የተለጠፈባቸው ባትሪዎች ናቸው። ቁጥሩ ቮልት ይመስላል፤ ግን አይደለም። 88 ቮልት ለማግኘት ሃያ አራት ሕዋስ ያህል መቀጣጠል ነበረበት። አንዱ የተለመደ ሕዋስ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እንግዲህ ሕዋሶቹ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ይሆናሉ። በእጃችን የያዝነው ባትሪ ከአንድ ፓኬት ስኳር እጅግ የቀለለ ከሆነ ጽሑፉ እውነት አይናገርም ማለት ነው። ሚዛን ማጉደል በቁና ብቻ አይደለም፤ በተለጠፈ ቁጥርም ይሆናል። ነጋዴ ወንድሞቻችንም የሚሸጡትን መርምረው እውነተኛውን ቢናገሩ ለበረካቸው ይበጃል።

ባትሪ የሚይዘውን ጉልበት ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ እናባዛ። 18 ቮልት በ2 አምፔር ሰዓት 36 ይሆናል፤ በ4 ደግሞ 72። ለቤት ሥራ ባለ 2 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ ከአንድ ትልቅ ባትሪ ይመረጣል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላልና። ከመግዛታችን በፊት ለዚያው መሣሪያ ተጨማሪ ባትሪና ቻርጀር በከተማችን መገኘቱን እንጠይቅ። ባትሪው የማይገኝለት ድሪል በጥቂት ዓመት ውስጥ ዕቃ ቤት ይገባል።

ባትሪ ሲሞላ አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ አይሁን፤ ሰው ተኝቶም አይተው። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የነካው ባትሪ ዳግመኛ አይሞላ። በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ማስቀመጥም ዕድሜውን ያሳጥራል። ለብዙ ወራት የማንጠቀምበት ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

አንድ ሳጥን ለአንድ ሰፈር

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። አንድ ቤተሰብ ድሪልን በዓመት ውስጥ የሚጠቀምበት ሰዓት ጥቂት ነው። ታዲያ እያንዳንዱ ቤት ለምን ይገዛል? በሱረቱል ማዑን ከሚወቀሱት ጠባዮች አንዱ ማዑንን መከልከል ነው። ቃሉን ዘካ ብለው የተረጎሙ አሉ፤ ታላቁ ሶሓባ ዐብደላህ ኢብን መስዑድ ደግሞ ሰዎች የሚዋዋሱት የቤት ዕቃ፣ እንደ ምሣር፣ ድስትና ባልዲ ያለው መሆኑን እንዳስረዱ በተፍሲር መጻሕፍት ተዘግቧል። የዛሬው ምሣርና ባልዲ ድሪልና መግፊያ ቢሆን ምን ያስገርማል?

በሐረር ለሰርግና ለሐዘን የሚሰባሰብ አፎቻ አለን። አንድ አፎቻ ወይም አንድ ሰፈር ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ጥሩ ድሪል ከሁለት ባትሪ ጋር፣ አንድ ባለ 18 ለ 1 መግፊያ፣ የፑንታ ስብስብ፣ መነጽርና አንድ ጠንካራ መሰላል ቢገዛ፣ የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ከአንድ ርካሽ መሣሪያ ዋጋ ሊያንስ ይችላል። ይህ እንዲቆይ ግን ደብተር ያስፈልጋል። ማን ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ መቼ መለሰ ተብሎ ይጻፍ፤ ባትሪው ተሞልቶ ይመለስ። የተዋሱት ዕቃ ሲበላሽ ማን ይከፍላል የሚለውም አስቀድሞ ይነገር። በፊቅህ «ዓሪያ» በሚባለው ምዕራፍ፣ በሀገራችን በተስፋፋው የሻፊዒይ መዝሀብ ተዋሹ ከተፈቀደው አጠቃቀም ውጭ ለጠፋው ዕቃ ተጠያቂ ነው፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ቸል ካላለ ወይም ካላጠፋ አይጠየቅም። ጎረቤታሞች በየትኛው እንደሚስማሙ ከመጀመሪያው ቢነጋገሩ ከቅያሜ ይድናሉ።

ከሳጥኑ ጋር ሌላም ነገር ቢዋዋሱ መልካም ነው፤ እርሱም ዕውቀት ነው። ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ኖራው ምን ያህል እንደሚቀጥን፣ ቀዩ አፈር በወለሉ ላይ እንዴት እንደሚቀባ በእጃቸው የሚያውቁ እናቶችና ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ድሪል ነገም ከሱቅ ይገዛል፤ የእነርሱ ዕውቀት ግን ከማንም ሱቅ አይገኝም። ወጣት ወንድሞችና እህቶች በሚቀጥለው ዕድሳት ድሪሉን ይዘው ወደ ጣሪያው ከመውጣታቸው በፊት ኖራ ከምትበጠብጠው እናት ጎን አንድ ቀን ይዋሉ። ባልዲውን ይያዙላት፤ የምትሠራውን ይመልከቱ፤ ይጠይቋትም።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የበረካ ቤቶች ያድርግልን። አሚን።